የጋሽ ራህመቶ መርፌ

አይሱዙ መንዳት ከተዉ ወዲህ የጋሽ ራህመቶ ሐሳብ ሁሉ ቡሬ ላይ ነበር። ቡሬ የወተት ላማቸው ናት። አዳማ ዳር፣ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለው ግቢያቸው፣ ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ከእትዬ ሱሃይላ መኝታ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይታ ታድራለች። ከእሷ በፊት የነበረችው ላም ሐኪም ሳይደርስላት ሞታባቸዋለች። ከዚያ በኋላ ጋሽ ራህመቶ ሐኪም መጠበቅ ትተው መድኃኒት ከገበያ እየገዙ፣ ቡሬ ባሳለች ቁጥር ራሳቸው ይወጓታል። ወግተው ሲጨርሱ አንገቷን እያሻሹ፣ «አይዞሽ እናቴ፣ አለቀ» ይሏታል።

አንድ ቀን ሌንሳ የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም ጓንት አጥልቃ መጣች። የከብት አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መድኃኒት ምን ያህል እንደተላመዱ ታጠና ስለነበር የቡሬን እበት ለምርመራ ጠየቀች።

«ከሁሉ ነገሯ እበቷን ፈለግሽ?» ብለው ሳቁባት ጋሽ ራህመቶ። እትዬ ሱሃይላ ግን አሁን የታለበ፣ አረፋው ያልበረደ ወተት ሊያጠጧት አሉ።

«ሳይፈላ አልጠጣም፣ እትዬ። እርስዎም ባይጠጡት ይሻላል።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው የምጠጣው» አሉ እትዬ ሱሃይላ።

ሌንሳ ውጤቱን ልትነግራቸው ስትመለስ እትዬ ሱሃይላ ተኝተው ነበር። ትኩሳቱና የጎን ውጋቱ አልለቅ ብሏቸዋል። ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸውን ኪኒን ጨርሰውም ለውጥ የለም።

«ቡሬ ደህና ናት» አለች ሌንሳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግን አንጀቷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እርስዎ የሚወጓትን መድኃኒት ንቀውታል። ለሰው የሚሰጠውን አንዳንዱንም የሚያከሽፍ ጂን፣ ማለትም ዘረ መል፣ ተሸክመዋል። ያንን ጂን ደግሞ አንዱ ባክቴሪያ ለሌላው ያቀብለዋል። እትዬ ሌላ ኪኒን ከመዋጣቸው በፊት ሽንታቸው ይመርመር፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ይታወቅ።»

በዚያው ቀን ጋሽ ራህመቶና ሌንሳ ባጃጅ ጠርተው ሆስፒታል ወሰዷቸው። ምርመራው ሌንሳ እንደፈራችው ሆነ። ኩላሊታቸው የገባው ባክቴሪያ የዋጡትን ኪኒን የለመደ ነበር። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለወጠ።

ጋሽ ራህመቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን አገላብጠው አዩ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። በዚህ እጄ ነው ያሳመምኳት?»

ሌንሳ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አላውቅም፣ ጋሽ ራህመቶ። ከቡሬ እበት ወይም ካልፈላው ወተቷ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ቦታም ሊሆን ይችላል። እርስዎ የወጓት እንዳትሞትብዎት ፈርተው ነው።»

«ፈርቼ ነው» አሉ፤ እንባቸው መጣ።

እትዬ ሱሃይላ እየተሻላቸው ሄደ። ቤት በገቡ ሰሞን ግን የቡሬ አንድ ጡት አበጠ። ጋሽ ራህመቶ ሳያስቡት መርፌያቸውን አነሡ።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ እትዬ ሱሃይላ በረቱ በር ላይ ቆመው። «መጀመሪያ ልጅቷን ጥራት።»

«እስክትመጣ ብትሞትብኝስ?»

«እኔ ምርመራ ጠብቄ መች ሞትኩብህ? ደውል።»

ሌንሳ መጥታ ጡቷን ዳሰሰች፤ ወተቱንም መረመረች። «ቀላል ነው፤ ለጊዜው መርፌ አያስፈልጋትም። ቶሎ ቶሎ እለቧት፣ ወተቱን ድፉት፣ ጡቷን በሞቀ ውኃ እሹላት። ካተኮሳት ግን ወዲያው ይደውሉልኝ» አለች።

ጋሽ ራህመቶ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። እትዬ ሱሃይላ ገና አቅም ባይኖራቸውም ጨርቁን ሞቅ ባለ ውኃ እየነከሩ አቀበሏቸው። ጋሽ ራህመቶ ሲያሹ ቡሬ አንዴ ተራገጠች፤ ቀጥሎ ግን ጭንቅላቷን ወደ እትዬ ሱሃይላ ትከሻ አስጠጋች።

«እየው፣ እኔን ትወዳለች» አሉ እትዬ ሱሃይላ።

«አንቺ መቼ ወግተሻት ታውቂያለሽ!»

ሁለቱም ሳቁ። እብጠቱ ቀስ እያለ ጎደለ።