የቀናው ማዮኔዝ

ወንድሜ ቀናው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ከገባ ወዲህ እህል አልወርድ አለው። ሾፌር ነው፤ መኪናው ፍሬን በጥሶበት ሰው ገጨና ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ አፉንም ዘጋ። ሽሮ ብወስድ ጓደኞቹ ይበሉለታል፤ ጾሙ ሳይገባ የቀቀልኩለትን እንቁላልም አልነካውም። የማረሚያ ቤቱ ሐኪም «ይሄ ሰውዬ እንዳይጾም፤ እንቁላልና ቅባት ካላገኘ ይወድቃል» አለኝ።

ለጃፓን መንገድ ሠሪዎች ሲነዳ ካምፓቸው ውስጥ የለመደው ነገር ነበር፤ የሚያቃጥል በርበሬ የገባበት ማዮኔዝ። ድንቹንም ዓሣውንም ዳቦውንም እሱ ውስጥ ነክሮ ነበር የሚበላው። ይሄ ትዝ አለኝና የእንቁላል አስኳል በሹካ መታሁ፤ ዘይቱን ጠብ ጠብ እያደረግኩ፣ ከዚያ ሎሚ፣ ከዚያ ሚጥሚጣ። ሁለቴ ተለያይቶ ተበላሸብኝ፤ ሦስተኛው ረጋልኝ። ከተቀቀለ ድንች ጋር ቋጠርኩና ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ ስለነበር ግማሹን በእግሬ ነው የደረስኩት።

በሩ ላይ ፈታሿ ክዳኑን ከፈተች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ማዮኔዝ ነው።»

«ቅመሺው!»

ወይ ጉዴ! ምግብ ያመጣ ሰው ቀምሶ እንደሚያስገባ መቼ ጠፋኝ? ሽሮ ስቀምስ ከርሜ፣ በሁዳዴ እንቁላል መቅመስ እንደሚመጣብኝ ግን አላሰብኩም።

«እሙዬ፣ ጾመኛ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያው ይዘሽ ተመለሺ።»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ «ቅመሺ ወይ ዞር በይ!» ይለኛል። በእሷም፣ በሰልፉም፣ በራሴም ተናደድኩ። ነፍስ ካወቅኩ አንድም ሁዳዴ ሽሬ አላውቅም። የወንድሜን የገጠጠ አጥንት አሰብኩና አንድ ማንኪያ ሙሉ ዋጥኩ።

«በቃሽ?» አልኳት። የንስሐ አባቴ የፈለጉትን ያህል ያሰግዱኝ!

ቀናው ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ዕቃውን ከፈተ። አሸተተው። አንድ ድንች ነክሮ ጎረሰ፤ ሌላ ደገመ። ትንፋሼን ይዤ አየዋለሁ። ድንቹን ጨርሶ ክዳኑን በጣቱ ጠረገና ቀና አለ።

«ዙፋን፣ ሚጥሚጣው ተወዶ ነው እንዴ?» አለኝ። «ይሄ እኮ የሕፃን ምግብ ነው!»

አጥሩን ይዤ ተንሰቀሰቅኩ፤ ሳቅም ለቅሶም ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታዬን እንኳን ያልመለሰ ሰውዬ ሙያዬን ያጣጥልብኛል! ተመስገን ጌታዬ፣ ተመስገን!

«አንተ ምስጋና ቢስ!» አልኩት። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ዓይንህ እስኪያለቅስ ነው የማደርግልህ።»

«ድንቹንም ጨምሪ» አለኝ።