ስክሪኑ ላይ የለጠፍኳት ቁልፍ

ዓይኑ ለደከመ ሰው የለመደውን በር ቢያዛውሩበት፣ ዳብሶ ያገኘዋል ወይስ ግድግዳ ሲገፋ ይኖራል? ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ።

ነገሩ የባለቤቴ ኮምፒውተር ነው። እሱ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ የሰፈሩን ሰው አቤቱታ የሚጽፈው በእጁ ልማድ ነው። መጻፊያውን የሚከፍተው ምልክት እንዳይጠፋው ከስክሪኑ ግርጌ፣ ልክ በምልክቱ ትይዩ፣ የአሮጌ ካፖርት ቁልፍ ለጥፌለታለሁ። ቁልፏን በጣቱ ይነካል፣ ማውሱን ወደዚያው ይነዳል፣ ይጫናል። የጻፈውን መልሼ የማነብለት እኔ ነኝ።

የልጄ ልጅ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። በስልክ፣ «እማማ፣ ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሊኑክሱ ደህና ነው፤ የዴስክቶፑ ገጽታ ግን አርጅቷል። አዲሱ ገጽታ ፊደል ያጎላል፣ የተጻፈውንም ያነባል። የምልክቶቹ መደዳ ግን በግራ በኩል ነው የሚቆመው» አለችኝ።

«ካልተበላሸ ለምን ይነካል?»

«አንቺስ መነጽርሽን የቀየርሽው ተሰብሮ ነው?»

«እንግዲያ ቅዳሜ ነይ» አልኳት።

በዚያው ሰሞን ሕልም አየሁ። ቤታችን ውኃ ላይ እንደወደቀ ቅጠል ቀስ እያለ ይዞራል፤ መስኮቱ በበሩ ቦታ፣ በሩ በአልጋው ራስጌ። እሱ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መሀል ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ልጠራው ስል ድምፄ እንደ ላባ ይንሳፈፋል እንጂ አይደርሰውም።

ልጅቷ በምትመጣበት ቅዳሜ ጠዋት ቁልፏን ላጥኩና በግራ ጠርዝ ለጠፍኳት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

መጣች። «አሮጌው ሳይነካ አዲሱን ከፍላሽ ላይ አስነስተን እንሞክረው፤ ለአባባ ካልተመቸው ፍላሼን ነቅዬ እሄዳለሁ።» ጥቂት ስትነካካ ቆይታ ጠራችው።

ተቀመጠ። ጣቱ ወደ ግርጌ ወረደ፤ ባዶ ነው።

«ቁልፏስ?»

«በግራ አድርጌልሃለሁ» አልኩ።

አገኛት፤ ማውሱን ነዳ፣ ተጫነ። ምንም።

ልጅቷ ጭንቅላቷን ያዘች። «እኔ ደግሞ እንዳይቸገር ብዬ መደዳውን ወደ ታች መለስኩት። ምናለ ብትነግሪኝ፣ እማማ?»

«አንቺስ ብትነግሪኝ?»

«እናንተ መርታችሁኝ ገደል ከምገባ ብቻዬን ብጠፋ ይሻለኛል» አለ እሱ። ቁልፏን ላጠና ኪሱ ከተታት። ከዚያ ምንም ሳይዳብስ ማውሱን ወደ ድሮ ቦታው አወረደው። ኮምፒውተሩ በተኮላተፈ ድምፅ «መጻፊያ» አለ።

አንድ መስመር ጻፈ። ድምፁ አነበበለት፤ አንድ ፊደል ገድፎ ነበርና ራሱ አቃናት። እኔ መነጽሬን አድርጌ ቆሜያለሁ፤ ማንም አልጠየቀኝም።

«ጫኚው» አላት።

ክፍሉ ውስጥ የከሰዓት ፀሐይ ተኝታለች። ምን ያህሉ እንደተጫነ የሚያሳየው መስመር ስክሪኑ ላይ እንደ ሰነፍ ጉንዳን ይጓዛል። ባለቤቴ ተነሥቶ ባርኔጣውን ከሚስማሩ አወረደ። እስከ ጎዳናው ድረስ ክንዱን የምይዘው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሻርፔን ይዤ ብድግ ስል ልጅቷ እጄን ያዘችኝ።

ኪሱ ውስጥ ቁልፏን እያሻሸ የበሩን እጀታ በአንድ ጊዜ አገኘው። ብቻውን ወጣ።