ሳሙና ያልነካው ደጋን

«ውል ሳትይዢ ከመጣሽ ይሸጣል! ገዢው አሥር ሰዓት ላይ ሱቅ ይመጣል፤ አለቀ።»

ታላቅ እህቷ ይህን ያለችው ለሱቋ የሚሆን የሳሙና ካርቶን አቅፋ፣ በሩን በክርኗ እየገፋች ነው። ታናሽቱ የቫዮሊኑን ሣጥን ከአልጋው ላይ መንጭቃ አነሳች።

«የእኔን ቫዮሊን ማን ፈቅዶልሽ ነው የምትሸጪው?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቀልቤሻለሁ፤ እሱ ይፈቅድልኛል! ሱቅ ቁሚ ስልሽ ጣቴ ይበላሻል አልሽ። ጣትሽን ብዪው እንግዲህ!»

እውነቱን ለመናገር እህትየዋ አልዋሸችም። ቫዮሊኒስቷ ጭብጨባ ጠግባ ጾሟን ቤቷ የገባችበት ቀን ብዙ ነው። የቀራት ተስፋ አንድ ሆቴል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ባለፈው ወር «ለማስታወቂያ ነው» ብሎ አንድ ሰዓት ተኩል በነፃ አስጫውቶ ቀርጿታል፤ ዛሬ ደግሞ የምሳ ሰዓት ሥራ ውል ላስፈርምሽ ብሎ ጠርቷታል። የሙዚቀኛ ነገር! «እስቲ እንስማሽ» ካሏት ዋጋ መጠየቁን ትረሳዋለች።

የሆቴሉ ምግብ ቤት ስትገባ ጣሪያው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ቫዮሊን ይሰማል። ቆማ አዳመጠች። ሦስተኛው ዜማ መሃል ላይ አንዲት ሴት ስትስል ተሰማ። ሳሉ የራሷ ነበር።

«ይሄ እኔ ነኝ እኮ!» አለች፣ ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ይዞ ብቅ ሲል።

«ታዲያ ማን ይሁን? ሁለት ሳምንት ሆነው፤ እንግዳው ወዶታል።»

«እኔ ታዲያ ምን ልሠራ ነው?»

«ትቆሚያለሽ። ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ ከቀረጻው ጋር ታስመስያለሽ። ሰው ቫዮሊን የያዘች ሴት ማየት ይወዳል። ስትጫወቺ ግን ትስቻለሽ፣ ይደክምሻል። ይሄ...» ወደ ጣሪያው ጠቆመ፤ «ምሳም አይበላም።»

«ደጋኑ ክሩን ከነካ ይጮኻል።»

«ታስቦበታል።» ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለች የመታጠቢያ ቤት ሳሙና አወጣ። «የደጋኑን ጭራ ይህን ቀቢው፤ ጸጥ ይላል።»

ደሟ ፈላ። የደጋኑ የፈረስ ጭራ ድምፅ የሚያወጣው ሙጫ ሲቀባ ነው፤ አንዴ ሳሙና ከነካው ደግሞ ሙጫውን ዳግመኛ አይዝም። ብትፈርም ቫዮሊኗ ከገዢው ይተርፋል፤ ተርፎም ዲዳ ይሆናል። ባትፈርም እህቷ አለች። እስክሪብቶውን አነሳች።

«የቀረጻችሁትን አጥፉና ራሴ ልጫወት። በዚሁ ክፍያ።»

«ሴትዮ፣ ወፈፍ ያደርግሻል እንዴ? ካልፈለግሽ ሌላ አቆማለሁ። ቫዮሊን መቻል እንኳ አያስፈልጋትም።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ወረወረችው። ሳሙናዋን ግን ይዛት ወጣች።

እህቷ ሱቅ ደርሳ ሳሙናዋን ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገቻት።

«ውሉስ?» አለች እህትየዋ።

«ይኸውልሽ! ደጋንሽን በዚህ አፍኚና ቁሚ አሉኝ።»

እህትየዋ ሳሙናዋን አሸተተቻት፤ በጥፍሯም ፋቅ አደረገቻት። «እቺማ አረፋም የማታወጣ ርካሽ ናት» አለች። ሳሙናዋን መልሳ እያስቀመጠችም፣ «ቀባሽው?»

«አልቀባሁትም።»

«ደግ አደረግሽ፤ ዋጋው ይወርድ ነበር። ገዢው አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ቃሌ ቃል ነው።»

ታናሽቱ የቫዮሊኑን ሣጥን ከባንኮኒው ሥር፣ እግሯ አጠገብ አስቀመጠችው። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የሱቅ ሽርጥ አውርዳ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

«ይምጣ» አለች። «ሳሙና ብቻ እሸጥለታለሁ።»