ያልተጠየቀበት ደወል

«ሰጠኝ አልኩ እኮ! ሽማግሌው በገዛ እጁ ደወሉን ሰጠኝ!» አለች ዩላሊ።

«መስጠቱንማ ሰማን» አሉ መሪ ኦስበርት። «የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ምን ላድርግበት ብለሽዋል ወይ?»

እማማ ክሌሜንሲያ ከአግዳሚው ላይ ሆነው ጣልቃ ገቡ። «አንተ ኦስበርት! ሰባት ቀን ዓይኗ ታስሮ መሬት ላይ ተኝታ የወጣች ሴት፣ ገና እህል ሳትቀምስ እንደ ፖሊስ ታፋጥጣታለህ?»

«እማማ፣ ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ርኅራኄም አስተምሬህ ነበር፤ እሱን የት አደረስከው?»

ምእመናኑ ሳቁ። ዩላሊ አልሳቀችም።

በቶኮ መንደር ባሕር ዳር ባለችው በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሹመት በምርጫም በዕድሜም አይገኝም። ፈላጊው ዓይኑን ታስሮ ሱባኤ ይገባል፤ መንፈስ ወደሚወስደው አገር በራእይ ይሄዳል፤ እዚያ የተሰጠውን ይዞ ይመለሳል። ደወል የተሰጠው ሱባኤ የሚገቡትን ይመራል። ሳህንና ፎጣ የተሰጠው ደግሞ እግራቸውን ያጥባል። ዩላሊ ሁለት ጊዜ ገብታ ሁለቱንም ጊዜ ሳህንና ፎጣ ይዛ ወጥታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው እግር አጠበች። ሌላው የሄደበትን አገር ሲያወራ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ደወሉ በተደወለ ቁጥር መዳፏን የሚበላት ነገር ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። መሪ ኦስበርት ዓይናቸው ሲደክምና ተተኪ እንደሚፈልጉ ሲታወቅ፣ በስልሳ አንድ ዓመቷ ለሦስተኛ ጊዜ ገባች።

በአምስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ አሸዋ ላይ ቆሞ አየች። የናስ ደወል ይዟል። ምን ማለት እንዳለባት ታውቃለች፤ ዓይናቸውን ላሰረችላቸው ሁሉ በጆሯቸው ስትነግራቸው ኖራለች፦ የሚሰጡህን ከመቀበልህ በፊት ምን ላድርግበት በል፤ መልሱንም ጠብቅ። ደወሉን ስታይ ግን እጇ ምላሷን ቀደመው። ቀና ስትል አሸዋው ላይ ማንም አልነበረም።

«ዩላሊ» አሉ መሪ ኦስበርት፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምናልባት ጠይቀሽው ረስተሽ ይሆናል። ጾም ያስረሳል። እስቲ ደህና አድርገሽ አስቢ።»

እሳቸውም እሷ እንድትተካቸው እንደሚፈልጉ ያን ጊዜ ገባት። «ደውዪው አለኝ» ብትል በቃ፤ ያለቀለት ነገር ነው። እማማ ክሌሜንሲያ «በይ፣ በይ» እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት። ማን ሄዶ ሽማግሌውን ይጠይቃል?

አፏን ከፈተች። የናሱ ቅዝቃዜ አሁንም መዳፏ ላይ ነበረ።

«አልጠየቅሁትም» አለች።

መሪ ኦስበርት ዓይናቸውን አሹ። «እንግዲያውስ የማን እንደሆነ አናውቅም። ላንቺ ይሁን፣ ለሌላ ሰው አድርሺው ብሎ ይሁን፣ አናውቅም።»

«ደንቆሮ!» አሉ እማማ ክሌሜንሲያ፤ ለማን እንዳሉት ግን አልታወቀም።

ከሰዓት በኋላ ሱባኤ የምትገባው ጃኒል ነበረች፤ የአሣ አጥማጅ ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሌላ እግር አጣቢ ስላልነበረ ዩላሊ ሳህኑን አመጣች። የልጅቱን እግር አጥባ አደረቀችና ነጩን ጨርቅ ዓይኗ ላይ አሰረችላት።

«እህት ዩላሊ፣ እጅሽ እንዴት ይቀዘቅዛል!»

«ውሃው ነው። ስሚኝ፣ ደወል ካየሽ…» የጨርቁን ቋጠሮ አጠበቀች። «ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ ጠይቂ። እሺ?»

«እሺ፣ እናቴ።»

መሪ ኦስበርት የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ደወሉ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ መዘመር ጀመረ። ዩላሊ ውሃውን ደጅ የዳቦ ፍሬ በሚሉት ዛፍ ሥር ደፋች። ፎጣውን አጥር ላይ አሰጣች። ሌላ ጊዜ ተመልሳ በሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር። አሁን ግን ሳህኑን ደረጃው ላይ ደፍታ ጫማዋን አጠለቀች፤ ዝማሬው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ «ምን ላድርግበት?» እያለች በባሕሩ መንገድ ወደ አሸዋው ቁልቁል እየወረደች ነበር።