ከእጀታው ውስጥ የታጠፈው

ልብስ ሰፊው ወደ ሥራ አፈላላጊው ቢሮ የገባው ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው። ከታመመ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት መርፌ የያዘ እጅ እንዲህ ሲሆን ሰው እንዲያይበት አይፈልግም። በግራ እጁ የመጋዘን ጥበቃ ቅጽ ይዟል፤ ዛሬ ፈርሞ ካልሰጠ ቦታው ለሌላ ይሄዳል። ከመፈረሙ በፊት ግን የቢሮውን አማካሪ ሳያነጋግር አይሆንም ተብሏል።

የመጨረሻ ልጁ አብራው መጥታለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት በአገጯ እያሳየችው፣ "አባዬ፣ አየኸው? የስፌት ማሠልጠኛው አስተማሪ ይፈልጋል" አለችው።

"አይቻለሁ። በዚህ እጅ? ከበሮ መቺ ነው እንዴ የሚፈልጉት?"

አማካሪው ለጋ ወጣት ነው። ከጀርባው ትልቅ የመሰላል ሥዕል ተሰቅሏል።

"አባት፣ የሥራ ዘመንዎን በምን ይመስሉታል?"

"በሥራ ነዋ!"

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች።

"ማለቴ... ብዙ ሰው እንደ መሰላል ነው የሚያየው። እርስዎ አሁን ከላይኛው እርከን ወርደው..."

"ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ነው የሠራሁት። መሰላል የወጣሁት አምፖል ልቀይር ነው፤ እሱንም ባለቤቴ ከታች ይዛልኝ።"

ወጣቱ አፈረና የኮቱን እጀታ ወደ ታች ጎተተ። እጀታው ግን እምቢ ብሎ ሽቅብ ተመለሰ። ልብስ ሰፊ ይህን አይቶ እንዴት ዝም ይበል?

"ኮቱ የራስህ ነው?"

"እናቴ ለምርቃቴ ያሰፋችልኝ ነው። ሲታጠብ አጠረ፤ ይኸው ሁለት ዓመቴ ስጎትተው።"

"እስቲ አውልቀህ አምጣው።"

ገለበጠውና የእጀታውን ጫፍ በግራ አውራ ጣቱ ዳሰሰ። ፊቱ በራ።

"ይኸው! ሁለት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። የሰፋልህ ሰው ሙያተኛ ነው፣ እጁ ይባረክ። ጥሩ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ውስጥ ይተዋል፤ የጠበበ ቀን ይለቀቃል ብሎ።"

ከራሱ ኮሌታ ሥር ክር የገባበት መርፌ አይለየውም። ሳያስበው ቀኝ እጁን አውጥቶ መዘዘው። መርፌው በጣቶቹ መካከል ተርገፈገፈ። አማካሪው አየ። ልብስ ሰፊው መርፌውን ፈጥኖ ለልጁ ሰጣት።

"እኔ? አባዬ፣ ቁልፍ እንኳ ተክዬ አላውቅም!"

"የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነሽ ይህንን ጮክ ብለሽ ትናገሪዋለሽ? ያዢ!"

አማካሪው ከመሳቢያው መቀስ አቀበላት።

"ክሩን እንጂ ጨርቁን አትንኪ። አንዱን ዝለዪ፣ አንዱን ቁረጪ... ጎሽ! አሁን ሳቢው፤ ራሱ ይመጣልሻል። መርፌው ጨርቁን ትንሽ ብቻ ይንከሰው፣ ከላይ እንዳይታይ። ቀስ፤ አውቶቡስ አላመለጠሽም።"

ጣቷን ሁለቴ ወጋች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱም እጀታዎች ወረዱ። አማካሪው ኮቱን ለበሰና እጁን ዘረጋ፤ ሰበሰበና እንደገና ዘረጋ።

"አባት፣ የቅድሙን ጥያቄዬን አሁን መለሱልኝ፤ ለካ መሰላል ሳይሆን እንደ ኮት ነው" አለ። "እርስዎስ ውስጥ የታጠፈ የለም?"

ከልብስ ሰፊው ሥር ተምረው የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ማስተማሩን እንደ ሙያ ቆጥሮት አያውቅም። ልጁን አየ። የተወጋ ጣቷን እየመጠጠች፣ ዓይኗን ከሰፋችው እጀታ ላይ አልነቀለችም።

"የጠበበው እጄ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ጨርቁስ... አለ።"

አማካሪው ስልኩን አነሳና ማሠልጠኛው ዘንድ ደወለ። "አዎ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አልደብቅዎትም። ግን መርፌ ይዛ የማታውቅ ልጅ የእኔን ኮት አሁን አስተካከለችው፣ እሳቸው በአፋቸው ብቻ እየመሯት... ነገ ጠዋት ለሙከራ? ይመጣሉ!"

ልብስ ሰፊው የጥበቃውን ቅጽ ሳይፈርም ጠረጴዛው ላይ አኖረው። "ለሚፈልገው ሰው ስጥልኝ፣ ልጄ።"

ኮሪደሩ ወረፋ በሚጠብቁ ሰዎች ሞልቷል።

"አባዬ፣ አየህልኝ? እኔ ነኝ እኮ የሰፋሁት!"

"የግራው ትንሽ ጠሟል።"

"አባዬ!"

"ያምራል። የኔ ልጅ መሆንሽ ዛሬ ታወቀ።"

መርፌውን ከእሷ ተቀብሎ ኮሌታው ሥር ሊሰካ መሐል ኮሪደሩ ላይ ቆመ። አንዴ ሳተ። ሁለቴ ሳተ። በሦስተኛው ገባለት። ሰው ሁሉ ያያል፤ ይይ! እጁን ወደ ኪሱ ሳይመልስ፣ ደረቱን ነፍቶ ደረጃውን ወረደ።