ማኅተም የሌላት ጉዋንዪን

ፉንግ ኪንሃንግ በሆንግ ኮንግ የዝሆን ጥርስ ቅርጻ ቅርጽን ዕድሜ በመለየት አንቱ የተባለ ሰው ነው፤ አንቱ ያለው ግን በአብዛኛው ራሱ ነው። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጽፏል። ምክሯ አንድ ነው፦ የጥንት ቀራጮች ሥራቸው ላይ እምብዛም ማኅተም አያኖሩም፤ ከሥሩ የንጉሥ ስም ያለበት «ጥንታዊ» ጥርስ ካያችሁ ሽሹ።

ሰሞኑን አንድ ሙዚየም ሊገዛት ያሰባትን ጉዋንዪን፣ ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸች የምሕረት ሴት አምላክ፣ መርምርልን ብሎ ላከለት። ፉንግ ገለበጣት፤ ከሥሯ ምንም የለም። ደስ አለው። «የሚንግ ነገሥታት ዘመን ናት፤ አራት መቶ ዓመት ይሆናታል» ብሎ ምስክርነቱን ጻፈ። የቀረው ፊርማው ነው። ከፈረመ በኋላ ስህተት ቢገኝ የዕድሜ ልክ ስሙ ገደል ይገባል።

እኩለ ቀን ላይ ሚስቱ ዩክላን የሩዝ አጥሚት ይዛለት ገባች። በጡረታ እስክትወጣ የቅርጻ ቅርጽ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ጉዋንዪኗን አይታ ሳቀች።

«ይቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«አትንኪያት። የሚንግ ናት።»

«የኔ ናት እንጂ። አሮጌ እንድትመስል ዘጠኝ ቀን ሻይ ውስጥ ዘፍዝፌ በትንባሆ ጭስ ያጠንኳት እኔ ነኝ። ክርኗ ሥር ሻዩ ያልደረሰበት ነጭ ነጥብ አለ። በሱ አለቃችን ተቆጥቶኛል።»

ፉንግ አጉሊ መነጽሩን አነሣ። ነጥቡ አለ።

«ታዲያ ማኅተም ለምን አላደረጋችሁባትም?»

«ድሮ እናደርግ ነበር። ያንተ መጽሐፍ ሲወጣ አለቃችን ለሁላችንም ገዛልን። ‹ከዛሬ ጀምሮ ማኅተም የሚባል የለም› አለ። ገበያው ደራ።»

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ለሱ ነበር። መጽሐፉን ከልቡ ያነበበለት ያ አጭበርባሪ አለቃዋ ብቻ መሆኑ ገብቶት አፈረ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልሽኝ?»

«አንተ ሽማግሌ፣ ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ‹የቱሪስት ዕቃ› ነበር የምትለው። ብላ፣ አጥሚቱ ቀዘቀዘ።»

ወረቀቱን ቀዶ አዲስ አወጣ።

«መቼ ነበር?»

«ሰባ ሦስት ላይ። ብርድ ነበር፤ ሻዩ ጣቶቼን ሰነጣጥቋቸው ነበር።»

«ሆንግ ኮንግ፣ 1973» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ከዚያ እጇን ስቦ በአጉሊ መነጽሩ አየው። የስንጥቆቹ ጠባሳ በየጣቷ ጫፍ ላይ አለ፤ ሠላሳ ዓመት አብሯት ሲበላ አይቶት አያውቅም ነበር።