የረቡዕ ምሳ

ኢት፣ ኤት፣ ኢትን፣ አሁንም አንድ ላይ፣ ኢት፣ ኤት፣ ኢትን፣ ስልሳ ልጅ ሲጮህ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይጩሁ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ምሳ ዕቃው ባዶውን ተመልሷል፣ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ጥርግ ተደርጎ ተበልቷል፣ እምሩ በልቷል፣ ወንድሜ አለ ማለት ነው። ሃያ ቀኑ ዛሬ። ከሚሠራበት ወርቅ ቤት ጎትተው ከወሰዱት ሃያ ቀን፣ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤት ወጥቼ በአትክልት ተራ ተሸካሚዎች መሀል ተሹለክልኬ ቀበሌው እስር ቤት ያደረገው ቪላ በር ላይ እሰለፋለሁ፣ ምግቡን ከተቀበሉሽ ሰውሽ አለ፣ አያስፈልግም ልብሱን ውሰጂ ካሉሽ በቃ፣ ይሄን ያስተማሩኝ ሰልፉ ላይ ያገኘኋቸው እትዬ አልጋነሽ ናቸው።

ቲቸር፣ ሦስተኛውን መቼ ነው የምንጠቀምበት? ሰርክአዲስ ናት፣ ሳትጠይቅ አትውልም። ነገሩ ሲያልቅ፣ እላለሁ፣ አይ ሃቭ ኢትን፣ በልቻለሁ፣ ወይም ዘ ፉድ ዋዝ ኢትን፣ ምግቡ ተበላ። ማን በላው ቲቸር? እሱን መናገር ግዴታ አይደለም፣ እላለሁ፣ ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ከሳቅሁ ስንት ቀኔ ነው፣ ልጽፍላቸው ጠመኔ አንስቼ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ፣ የክፍል አለቃው ጥግ ላይ ቀኑን ጽፎታል፣ ዌንስዴይ።

ረቡዕ።

ሐሙስ ነው እንጂ። ሐሙስ ነው ብዬ አይደል እንዴ ማለዳ ተነስቼ ቀይ ወጥ በሥጋ የሠራሁት፣ ቅቤውን ሳልሰስት፣ እሱን ከያዙበት አሰሳ ወዲህ ቀን የምቆጥረው እምሩ ከተያዘ ይህን ያህል ብዬ እንጂ ሰኞ ማክሰኞ ብዬ አይደለም፣ ተምታቶብኝ ነው፣ ጾም ቀን ሥጋ ላክሁበት።

እምሩ ረቡዕ ሥጋ? እምሩ? ተስቦ ይዞት ሐኪሙ ወተት ቢያዝለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ፣ እናታችን እግሩ ላይ ወድቃ ብትለምነው እንኳ እምቢ ያለ፣ ባለፈው ዓርብ ቅቤ የነካው ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ገብቶ ሳይቀምሰው መለሰው፣ ጠባቂው እሸቴ ምሳ ዕቃውን እያቀበለኝ፣ ስሚ፣ ወንድምሽ እዚህ ሊመነኩስ ነው እንዴ የመጣው አለኝ፣ በደስታ እያለቀስኩ ተመለስኩ፣ ግትርነቱ እንዳለ ነው ብዬ። ዛሬ ግን አጥንቱ ተግጧል፣ ፍርፋሪ አልቀረም፣ እሸቴም አንገቱን ደፍቶ ነው የሰጠኝ፣ ወይስ አየኝ? አላየኝም። እዚያው ታስሮ የነበረውን የአባይነህን እናት ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳ አስመላለሷት፣ እትዬ አልጋነሽ ናቸው ያወሩት፣ ልጇን እኮ ገና በሁለተኛው ቀን ጨርሰውታል፣ ጠባቂዎቹ ናቸው ምሳውን ሲበሉ የነበሩት፣ ወጧ ይጣፍጣላ አሉኝ፣ አልሰማም ብዬ ፊቴን አዞርኩባቸው።

ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?

ደህና ነኝ፣ ደብተር አውጡ፣ ጻፉ፣ ከእኔ አፍ ነው የሚወጣው፣ ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል፣ ሮጬ ልሂድ፣ ሄጄ ምን ልበል፣ ወንድሜን አሳዩኝ? ከሰልፋችን እንዲህ ብላ የጠየቀችው ለተክርስቶስ እዚያው ታስራ ቀረች፣ እኔም ብቀር ነገ ማን ይወስድለታል፣ ነገ ይቀበሉኝ ይሆን፣ አይ፣ ርቦት ነው፣ ርሃብ ነው፣ ገርፈውት አእምሮው ዞሮበት፣ እኔ ፀሐይ እያየሁ ቀን የጠፋብኝ እሱ ጨለማ ቤት ሆኖ እንዴት አይጠፋው፣ ተሳስቶ ነው፣ ወይ ሳይሳሳት፣ መኖር አምሮት፣ ሥጋው ሸትቶት፣ የእኔ እጅ መሆኑን አውቆ።

ጌታዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜልሃለሁ፣ አንድ ረቡዕ አላጎደልኩብህም፣ ምንም ለምኜህ አላውቅም፣ ወንድሜ ጾሙን ገድፎ ይሁን፣ እያወቀ ይሁን፣ ጣቱን እየላሰ ይሁን፣ አጥንቱን የጋጠው ራሱ ይሁን፣ ንስሐውን እኔ እገባለታለሁ፣ ስግደቱን እኔ እሰግድለታለሁ፣ ብቻ ገድፎ ይሁን፣ አደራህን፣ ገድፎ ይሁን